ሰርቪሱ 1024 ላይ ለቆመበት ወንድማችን

«ሊሚትስ ኮንፍ ላይ 65535 ጽፌ ሰርቪሱ አሁንም 1024 ፋይል ላይ ይቆማል፣ ገደቡ ከየት ነው የሚመጣው?» ላልከው ወንድሜ (ሊሚትስ ኮንፍ በሊኑክስ አንድ ፕሮግራም በአንዴ ስንት ፋይል መክፈት እንደሚችል የሚጻፍበት ፋይል ነው፤ ሰርቪስ ደግሞ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም)፤ እኔንም እዚህ ባሕር ዳር ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ ይኸው ነው።

1ኛ፦ ገደብ ከወላጅ ይወረሳል። ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ፎርክ ሲያደርግ፣ ማለትም ራሱን ቀድቶ አዲስ ፕሮሰስ ሲወልድ፣ ልጁ የወላጁን ገደብ ይዞ ይወለዳል፤ በኤግዜክ ሌላ ፕሮግራም ቢጫንበትም ገደቡ ያው ነው። እንደ ዘር ቆጠራ ወደ ላይ ብትወጣ ፕሮሰስ ቁጥር 1 ላይ፣ ከእሱም በላይ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ላይ ትደርሳለህ።

2ኛ፦ ሊሚትስ ኮንፍን የሚያነበው ከርነሉ ሳይሆን ፓም (ሎግኢንን የሚያስተናግደው ክፍል) ነው፤ እሱም ሴሽን ሲከፈት፣ ለምሳሌ ከሩቅ በኤስኤስኤች ወደ ሰርቨሩ ስትገባ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። ወደ ዘጌ እንግዳ ለሚያሻግሩ ባለጀልባዎች የትኬት ሲስተም ሠርቼላቸው ነበር። የጥምቀት ሰሞን ሰው ሲበዛ «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» (የተከፈተው ፋይል በዛ) እያለ መውደቅ ጀመረ። ሊሚትስ ኮንፍን አስተካከልኩና በኤስኤስኤች ገብቼ ገደቡን የሚያሳየውን ትዕዛዝ፣ ዩሊሚት ሰረዝ ኤን፣ ብል 65535 አለኝ። በቃ ተፈታ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት እንግዳው ወደቡ ላይ ተሰልፎ ሲስተሙ ወደቀ፤ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ትኬት በእጅ ሲጽፉ ዋሉ። ለካ ያየሁት የራሴን ሼል (ትዕዛዝ የምጽፍበትን ፕሮግራም) ገደብ ነው! ሰርቪሱ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው የፕሮሰስ ቁጥር 1፣ የሲስተምዲ፣ ልጅ ነው፣ በእኔ ሎግኢን በኩል አላለፈም።

ሰርቨሩን ያከራየን ድርጅት ጋ ብደውል «ችግሩ ኮዳችሁ ነው፣ ሪስታርት አድርጉት» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ደግሜ ስደውል የሚያነሳ ጠፋ። በየወሩ ሳናዛንፍ እየከፈልን! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ያገኘሁት ብቻዬን ነው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ስለዚህ ዩሊሚትን አትመን። ፕሮክ (ከርነሉ የየፕሮሰሱን መረጃ የሚያሳይበት ፎልደር) ውስጥ በሰርቪሱ ፕሮሰስ ቁጥር የተሰየመውን ፎልደር ክፈትና ሊሚትስ የሚለውን ፋይል አንብብ፤ እውነተኛው ቁጥር እዚያ ነው። ከዚያ የሰርቪሱን ቅንብር በሚያስተካክለው ትዕዛዝ፣ በሲስተምሲቲኤል ኤዲት፣ ገብተህ፣ ሰርቪስ በሚለው ክፍል ሥር ሊሚትኖፋይል እኩል ይሆናል 65535 ብለህ ጻፍና ሪስታርት አድርገው። ዋናውን የዩኒት ፋይል (ሰርቪሱ እንዴት እንደሚነሳ የተጻፈበትን) አትንካ፣ ፓኬጁ ሲታደስ ይጠፋብሃል። አሁን ሥራ ላይ ስለሆነ ማቆም አልችልም ካልክ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆነህ በፕርሊሚት ትዕዛዝ እየሠራ ሳለ ከፍ ልታደርግለት ትችላለህ፤ ግን ሰርቪሱ እንደገና ሲነሳ ወደ ድሮው ይመለሳል።

አሁንም 1024 ካለህ የዚያን ሊሚትስ ፋይል ውጤት እዚሁ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።