ሞተረኛ ከመቅጠራችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እቃ የማድረስ ሥራ የጀመራችሁ ልጆች፣ ስንገናኝ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ "ጋሼ፣ ስንት ሞተረኛ እንቅጠር?" ነው። በትዕዛዝ ብዛት ብቻ አይታወቅም። ተራ በተራ የሚመጣ አስር ትዕዛዝ ለአንድ ሰው ላይከብድ ይችላል፤ አስሩም ደንበኛ "ልክ 3 ሰዓት ላይ" ካለ ግን አስር ሰው ይፈጃል።

ካርታውን ለጊዜው ተዉትና እያንዳንዱን ትዕዛዝ ወረቀት ላይ እንደ ነጥብ አስቀምጡ። ይህን የጨረሰ ልጅ ያኛውን በሰዓቱ ሊያነሳ ይችላል? ከቻለ ቀስት አስምሩ።

ጠዋት ሁለት ሥራ አላችሁ እንበል፤ እኩል ይጀመራሉ፣ 4 ሰዓት ላይ አንዱ ደሴ ፒያሳ፣ ሌላው ሐይቅ ከተማ ያልቃል። 5 ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ እቃ ከፒያሳ፣ አንድ ከኮምቦልቻ ይነሳል። አብዛኛው መዳቢ ፒያሳ ያለውን ልጅ እዚያው ያለውን ሥራ ይሰጠዋል፣ ቅርብ ነዋ! ሐይቅ ያለው ግን በአንድ ሰዓት ኮምቦልቻ አይደርስም፣ ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ትፈልጋላችሁ። ገልብጡት። የፒያሳው ኮምቦልቻ ይውረድ፣ የሐይቁ ፒያሳ ይምጣ። ሁለት ሰው በቃ።

ስሌቱ ይኸው ነው፦ ከትዕዛዞቹ ብዛት ላይ በቀስት ልታያይዙ የቻላችሁትን ትልቁን የጥንድ ብዛት ቀንሱ፤ የሚቀረው የሚያስፈልጋችሁ የሰው ቁጥር ነው። አንድ ሥራ ከፊቱ አንድ፣ ከኋላው አንድ ብቻ ይያያዛል። እዚህ 4 ሲቀነስ 2 መሆኑ ነው። ትዕዛዙ ሲበዛ ኮምፒውተር ይሥራው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎቹ ሆፕክሮፍትና ካርፕ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ዘዴ ጥንዶቹን በፍጥነት ያገኛል። አብሽሩ፣ ጊዜ ወደ ኋላ ስለማይሄድ ቀስቶቹ ዞረው አይመለሱም፣ የሚያቀለውም እሱ ነው።

አለቃ "በአንድ ሰው ይሠራ" ብሎ ድርቅ ካለ አትጨቃጨቁ። አንድ ሰው ሁለቱን ሊሠራቸው የማይችላቸውን ትዕዛዞች ለይታችሁ አሳዩት፣ እንደ ጠዋቶቹ ሁለት ሥራዎች። አሜሪካዊው የሒሳብ ሰው ዲልዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1950 እንዳረጋገጠው፣ እርስ በርስ የማይያያዙ ሥራዎች ትልቁ ስብስብና የሚያስፈልገው ትንሹ የሰው ቁጥር ሁልጊዜ እኩል ናቸው። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው፣ ክርክር ይዘጋል።

ቀስት ለማብዛት ግን አትሳሱ። ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የሚወርድና ተጭኖ ሽቅብ ደሴ የሚወጣ ሞተር እኩል አይደርሱም፣ ክረምት ላይ ጉሙም አለ። ደንበኛው ስልክ እስኪያነሳ በር ላይ የሚቆመውንም ጊዜ ቁጠሩት። ትንሹ የሰው ቁጥር ደግሞ ትንሹ ቤንዚን ማለት አይደለም፤ የፒያሳውን ልጅ ባዶውን ኮምቦልቻ ልከነው የለ? በሁለት ሰው የሚያስኬዱ ብዙ ድልድሎች ካገኛችሁ ባዶ ጉዞው የሚያንሰውን ምረጡ።