ኮድ ባልችልም ሊኑክስን ማገዝ እችላለሁ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ሲስተም ነው፤ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ዴቢያን ዓይነቶቹ ናቸው። ኡቡንቱ ወይም ፌዶራ ስትከፍቱ የምታዩት መስኮት፣ ሜኑ፣ ሴቲንግ በአብዛኛው ግኖም የሚባለው ፕሮጀክት ሥራ ነው። ከ1997 ጀምሮ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች ይሠሩታል፤ ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እንዴት እንግባበት ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ መልሴ ይኸው።

ኡቡንቱ፣ ፌዶራ ወይስ ዴቢያን?

አጠገብህ ያለ ጓደኛህ የሚጠቀመውን ጫን። ሲያስቸግርህ የምትጠይቀው ሰው ይኖርሃል።

አካውንቲንግ የተማረች አንባቢ ናት። ኮድ አታውቅም፤ ወደ አማርኛ መተርጎም ትፈልጋለች። ወንድሟ ግን "ኮምፒውተር በአማርኛ ማን ይጠቀማል?" አላት።

እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ይጠቀማል። ዛሬ ያ ሰው "ፋይሉ ለዘለቄታው ይጥፋ?" የሚል ጥያቄ ሲመጣበት ሳይገባው እሺን ይጫናል። የሥራው ሰነድ በዚያው ይጠፋል። ይሄ ያንገበግበኛል።

ኮድ አያስፈልግሽም፤ የሚያስፈልግሽ የአማርኛ ጆሮ ነው። ሴቭ የሚለውን ቁልፍ ምን ትይዋለሽ? "አስቀምጥ" ካልሽ የምታዢው ወንድን ነው። "አስቀምጪ" ካልሽ ሴትን። "ያስቀምጡ" ጨዋ ነው፤ ግን ቁልፉ ሁሉ እንዲህ ሲሆን ይከብዳል። እኔ "ማስቀመጥ" ይሻላል እላለሁ፤ ማንንም አያዝም። አንዱን ከመረጥሽ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያዢው። አንድ ቦታ "ፋይል"፣ ሌላ ቦታ "ሰነድ" ካልሽ ተጠቃሚው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። በዐረፍተ ነገሩ መሀል የፋይል ስም የሚተካበት ምልክት ታገኛለሽ። የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ምልክቱን ወደ ፊት ማምጣት ትችያለሽ፤ መሰረዝ ግን አትችይም።

በግኖም የትርጉም ገጽ ተመዝገቢና የአማርኛውን ቡድን ተቀላቀይ። በትንሽ ፕሮግራም ጀምሪ፤ ካልኩሌተር ጥሩ ነው። እሱን ሳትጨርሺ ሌላ አትንኪ። አዲስ ዕትም በየስድስት ወሩ፣ መጋቢትና መስከረም ላይ ይወጣል። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የምትተረጉሚው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንዳይቀየር ይታገዳል። ለተርጓሚ ምርጡ ጊዜ ያኔ ነው።

የሲስተሙን ስህተት ለሠሪዎቹ አሳውቆ ሦስት ሳምንት መልስ ያጣ አንባቢ ተናዷል። የላከው "ዋይፋይ አይሠራም" የሚል ነው።

ወንድሜ፣ በዚህች ዐረፍተ ነገር ማን ምን ይመልስልህ? የላፕቶፑን ሞዴልና የሲስተሙን ዕትም ጻፍ። የቱን ተጫንክ፣ ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅህ፣ ምን ሆነ? መጀመሪያ ግን ሌላ ሰው ቀድሞህ አሳውቆት እንደሆነ ፈልግ።

ሊኑክስ ሲጫን ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ፋይልህን ዛሬውኑ ገልብጥ፤ ከዚያ ለጠጋኝ አሳየው።

የሶፍትዌር ድርጅት ተቀጣሪ ነው። ቢሮ ውስጥ ሆኖ የጻፈውን ኮድ ለፕሮጀክቱ ሊልክ ያስባል።

እንዳትልክ። የሥራ ውልህን ይዘህ ጠበቃ ዘንድ ሂድ፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ብዙ ውሎች በሥራ ሰዓት የተጻፈ ኮድ የአሠሪው ነው ይላሉ። ያንተ ያልሆነውን ከለገስክ አንተም ትከሰሳለህ፣ ፕሮጀክቱም ኮዱን ነቅሎ ለማውጣት ይገደዳል። ጠበቃው እሺ ካለህ የአሠሪህን ፈቃድ በጽሑፍ ያዝ። የቃል ፈቃድ አይበቃም።

ከዱባይ፦ ዕረፍቴ በሳምንት አንድ ቀን ናት። ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልክ ብቻ።

እህቴ፣ ላውንችፓድ በሚባለው የኡቡንቱ ገጽ ላይ በስልክሽ ብሮውዘር መተርጎም ትችያለሽ። በዕረፍትሽ ቀን ዐሥር ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ከደከመሽ ሌሎች የተረጎሙትን አንብቢና ጆሮሽን የሚጎረብጠውን ጻፊላቸው።