ለ14 ዓመት ልጅ ጥርስ ማስተካከያ፦ ሽቦ ወይስ አላይነር?

እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም ሆነሽ «ልጄ ሽቦ አፍራ አላይነር ይደረግልኝ አለች፣ የቱ ይሻላታል?» ላልሽው፣ እኔ ብሆን ሽቦውን ነው የምመርጥላት። አላይነር (ጥርስ የሚያስተካክል፣ የሚወልቅ ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን) የሚሠራው በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ ሲቆይ ነው። ለምግብ ይወልቃል፣ ለትኩስ ሻይም ይወልቃል፣ ከዚያ ጥርስ ተቦርሾ ይመለሳል። ትምህርት ቤት የምትውል ልጅ አውልቃ በሶፍት ጠቅልላ የሆነ ቦታ ረስታው ብትመጣ አይፈረድባትም፤ ጥርሱ ግን ወደነበረበት መመለስ ይጀምራል። ሽቦ ተለጥፎ ስለሚውል ሥራውን አያቋርጥም። ጥርሷ በጣም የዞረ ከሆነም ብዙ ጊዜ እሱ ይሻላል።

ከባዱ ክትትሉ ነው። ብዙውን ጊዜ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ መታየት አለባት። ስለዚህ ባሕር ዳርም ሂጂ ደብረ ማርቆስ፣ ሳትጀምሩ በፊት ኦርቶዶንቲስቱ (የጥርስ አሰላለፍ የሚያስተካክለው ሐኪም) በቋሚነት መኖሩን፣ ዋጋው ክትትሉንና መጨረሻ ላይ የሚደረገውን ሪቴነር (የተስተካከለው ጥርስ ተመልሶ እንዳይዞር የሚይዘውን) ማካተቱን አጥብቀሽ ጠይቂ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይቅርባት፣ ጥርሷ ላይ የተለጠፈውን የሽቦ ማያያዣ ይነቅሉታል። በቆሎ እሸት ከሆነ ፈልፍላ ትብላ።

ማፈሯን ደግሞ ቀላል አታድርጊው። ሐኪሙ ፊት ራሷ ትጠይቅ። ከምግብና ከትኩስ መጠጥ ሰዓት ውጭ አላይነሩን ሳታወልቅ እንደምትውል ካመንሽባትና ሐኪሙም ለጥርሷ ይሆናል ካለ፣ እኔ አልከለክላትም።