አባታችን ለጾሙ አረቄ ሊያቆሙ ነው

ጥያቄ፦ አባታችን በ1991 ዓ.ም. ባድመ ግንባር የዘመቱ ወታደር ናቸው። አረቄ ካልቀመሱ አይተኙም፤ ሌሊት እየጮኹ ይባንናሉ። ዘንድሮ «ዐቢይ ጾም ሲገባ አቆማለሁ፣ ጸበል እገባለሁ» አሉን። ደስ ብሎናል። ግን አንድ ቀን ሳይጠጡ ሲውሉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የእጃቸው መንቀጥቀጥ ሰውነታቸው አልኮል መልመዱን ያሳያል። ስለዚህ ሐኪም ሳያያቸው በአንድ ጊዜ አያቁሙ። ከመጨረሻው መለኪያ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ ላብና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ጥሎ የሚያንዘፈዝፍ ሕመም ሊመጣ ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳት። ይህ ሊገድል ይችላል። በዘማች ቤት ሲደርስ «ጦርነቱ መጣባቸው» ወይም «መንፈስ ነው» ተብሎ ሕክምናው ይዘገያል። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

እስከ ቀጠሮው ድረስ አረቄውን አትደብቁባቸው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል ሂዱ፤ ሌላ ቦታ ከሆናችሁ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል። ብዙ ጊዜ ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት በየቀኑ እየተቀነሰ ይታዘዛል፤ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጣል። ግሉኮስ ሊሰቀልላቸው ከሆነ እንደሚጠጡ ተናገሩ፤ ታያሚኑ መቅደም አለበት። ዲያዜፓም ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ ግን አትስጡ፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጸበሉ ይቆያል እንጂ አይቀርም። የመጀመሪያው ሳምንት በሕክምና ይለፍ፤ ከዚያ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይግቡ። ስለ ጾሙም የንስሐ አባታቸውን አማክሩ፤ ባዶ ሆድ መዋል በዚያ ሳምንት ይጎዳቸዋል።

ቅዠቱን በተመለከተ፣ አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ከሰውነት ሲወጣ ግን ሕልሙን ያባብሰዋል። ሲያቆሙም ለጥቂት ሳምንታት ሊብስ ስለሚችል አትደናገጡ። ሲጮኹ አትንኳቸው፤ መብራት አብርታችሁ ከእግርጌ ቆማችሁ «አባዬ፣ ቤትዎ ነዎት» በሏቸው። ለጦርነቱ ትዝታ የሚደረገው የንግግር ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። «መጀመሪያ መጠጡን ይተዉ» ተብሎ ሊዘገይ አይገባም፤ የሚጠጡት ለዚሁ ትዝታ ሊሆን ይችላልና።

«ስንት ሰው ገደሉ?» የሚል እንግዳ ከመጣ ወሬውን ቀይሩ። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ደግሞ፣ እርሳቸው እያወቁና ፈቅደው፣ ከማቆማቸው በፊት በሕጋዊ መንገድ ከቤት ይውጣ።