የሰፈራችን ጋሼ

ወንድሜ፣ «በባህር ዳር ብዙ ዓይነት ሥራ ሠርተው ያለፉ የድሮ ሰዎችን የምታስታውሱ አላችሁ?» ላልከው፣ እኔ ጎረቤታችንን አስታውሳለሁ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። የዘጌ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር እንጨት በታንኳ ጭነው እየቀዘፉ ባህር ዳር ያመጡ ነበር፤ ታንኳ ደግሞ ከደንገል ስለሚሠራ ውሃ ይጠጣል፣ ከሐይቁ በወጣ ቁጥር አቁሞ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ግድ ነው። በኋላ ጨርቃ ጨርቅ ገቡ፣ ያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው ፋብሪካ። ጡረታ ሲወጡ ዓሣ ሸጡ፣ ቀረሶና አምባዛ።

እኔ ግን የማልረሳው ብስክሌት ጥገናቸውን ነው። ፈረቃ ከሌላቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ይሠራሉ። የተነፈሰ ጎማ ይዤ ስሄድ የውስጡን ላስቲክ አውጥተው ሳፋ ውሃ ውስጥ ይነክሩትና፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ የሚልበትን በአውራ ጣታቸው ይዘው «እዚህ ጋ ነው፤ በል ፋቀው» ይሉኛል። ማስቲሹንም እኔው ነኝ የምቀባው። ከልጅ ደግሞ ሳንቲም አይቀበሉም ነበር! የቀብራቸው ዕለት ግማሹ ሰፈር በብስክሌት ነው የሸኛቸው፣ እኔም ያቺኑ እሳቸው የጠገኗትን ይዤ።