ሰው ሳታውቁ ሰፈር መጠበቅ አይቻልም

ባለፈው እሑድ ከእድር ስብሰባ ስንወጣ ሦስት ወጣቶች ተከትለውኝ መጡ። በሰፈራችን የማታ ሮንድ ሊጀምሩ አስበዋል። «እትዬ፣ እርስዎ ዕድሜዎን በፖሊስነት ነው የጨረሱት፤ ከምን እንጀምር?» አሉኝ። «ሰው ከማወቅ ጀምሩ» ብያቸው ተለያየን። ቤት ገብቼ ሳስበው መልሴ በጣም አጠረብኝ። እነሱ ሲያወሩ የነበረው ባትሪና ዱላ ስለመግዛት ነው። ያልኳቸው ነገር የገባቸው አልመሰለኝም። ስለዚህ ለእነሱም፣ በማራኪም በአዘዞም በቅዳሜ ገበያም ተመሳሳይ ሐሳብ ላላችሁ ልጆቼ ሁሉ ይህን ጻፍኩ።

ጎንደር ላይ 32 ዓመት ፖሊስ ነበርኩ። ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት ከሕዝቡ ጋር በሚሠራው ክፍል ነው፤ ዛሬ ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ይሉታል። መጀመሪያ ላይ ሥራው ስብሰባ መጥራት ይመስለኝ ነበር። ሰው በቀበሌ አዳራሽ ይሰበሰባል። እኔ ቆሜ ስለ ወንጀል መከላከል እናገራለሁ። ሰው አጨብጭቦ ይሄዳል። በሳምንቱ እዚያው ሰፈር ቤት ይሰበራል፤ ያየ ሰው ግን የለም። በጣም እናደድ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አጨብጭቦልኝ አንድ የሚነግረኝ እንዴት ይጠፋል?

መልሱን ያገኘሁት ቡና ላይ ነው። አንዲት እናት «ደንብ ልብስሽን ቀይረሽ ነይና ቡና ጠጪ» አሉኝ። ሄድኩ። አቦሉ ሲጠጣ ወሬው የጤፍ ዋጋ ነበር። ቶናው ላይ ስለ ልጆች ትምህርት ሆነ። በረካው ሊቀዳ ሲል አንዷ ጎረቤት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከወንዙ ማዶ ካለው ቤት ማታ ማታ ዕቃ እንደሚገባና እንደሚወጣ ነገረችኝ። ይህች ሴት አዳራሽ ውስጥ ሦስት ጊዜ ስትሰማኝ ነበር። አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ አካሄዴን ቀየርኩ። ጠላ የምትሸጠውን፣ የባንኩን ጥበቃ፣ የባጃጅ ሾፌሮቹን፣ የቆሎ ተማሪዎቹን፣ ሊስትሮዎቹን በስማቸው አወቅሁ። እነሱም እኔን በስሜ አወቁኝ። አንድ ጊዜ ከተማሪዎች ኪራይ ቤት ላፕቶፕ ተሰረቀ። ፍንጩን የሰጠን አንድ ሊስትሮ ልጅ ነው። የሰውየውን ፊት አያስታውስም። ጫማውን ግን አልረሳም፤ የግራው ሶል በሽቦ የተሰፋ ነበር። ልጁ ይህን የነገረኝ ጠይቄው አይደለም። ሁልጊዜ በስሙ ስለምጠራውና እናቱ እንዴት እንደዋሉ ስለምጠይቀው ነው።

ሰፈርን በደንብ የሚያውቀው ስብሰባ የማይመጣው ሰው ነው። ይህን ያዙልኝ። ከመናኸሪያው አጠገብ ሌሊት ሻይ የምታፈላው ሴት ከእናንተ ሮንድ ሁሉ በላይ ታያለች። ጃፓኖች ኮባን የሚሏቸው ትንንሽ የፖሊስ ጣቢያዎች በየሰፈሩ አሏቸው። እዚያ የሚመደበው ፖሊስ ቤት ለቤት እየዞረ ነዋሪውን ይተዋወቃል። ሌባ ፍለጋ አይደለም የሚዞረው፤ ምንም ባልተፈጠረበት ቀን ሄዶ ሰላም ይላል። እኔ በቡና የደረስኩበትን ነገር እነሱ የዘወትር ሥራ አድርገውታል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ሰው ለምን አይናገርም?

አንዱ ምክንያት ከሕፃንነት ይጀምራል። «ዝም በል፣ ፖሊስ ይወስድሃል» እያልን ልጅ እናሳድጋለን። አንድ ዓመት ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ ተመድቤ ነበር። ውሃው ተባርኮ ወጣቱ እየዘለለ ሲገባ፣ በግርግሩ አንዲት አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ከእናቷ ተለየች። ልይዛት ስጠጋ ጮኸች። እኔ የእናቷ እኩያ ነኝ፤ እሷ ግን ያየችው ደንብ ልብሴን ነው። ሸሽታ ሕዝቡ መሀል ልትገባ ስትል አንዲት ነጭ የለበሰች የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ እጇን ዘረጋችላት። ወዲያው ጸጥ አለች። እናቷን ያገኘነው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት የጠፉ ልጆች በሚቆዩበት ቦታ ከፖሊሱ ጎን ወጣቶች እንዲቆሙ ለመንን። ከፖሊስ ሥራዬ ሁሉ በደስታ የማስበው ይህን ነው። እባካችሁ ታናናሾቻችሁን በፖሊስ አታስፈራሩ። አንድ ቀን ሲጠፉ የሚሮጡት ወደ ማን ነው?

ሁለተኛው ምክንያት የቆየ ቁስል ነው። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም ሲቋቋም ነዋሪው ራሱን ያስተዳድርበታል ተብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጥበቃ መጣ፣ ቀይ ሽብር መጣ። በጎረቤት ጥቆማ ልጁን ያጣ ቤተሰብ እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት እንደሆነ አያቶቻችሁን ጠይቁ። በኋላም «ማን ምን አለ» እየተባለ ሰው የሚጠየቅበት ጊዜ አልጠፋም። ስለዚህ ጥቆማ የሚለው ቃል ጎንደር ላይ ደም የነካው ቃል ነው። አንድ አዛውንት በር አንኳኩታችሁ «ምን አዩ?» ስትሏቸው ዝም ቢሏችሁ አትቀየሟቸው። የሚያስታውሱት ነገር አለ።

እኔም ይህን ፍርሃት አባብሼዋለሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። አንዲት መበለት ከግቢዋ ጀርባ የተሰረቀ ዕቃ እንደሚደበቅ ነገረችኝ። በማግስቱ፣ ጊዜ ሳልሰጥ፣ ሁለት ባልደረቦቼን ይዤ በደንብ ልብስ መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ቤት ነው። ቦታውን እንድታሳየኝ ብዬ። ሰፈሩ ሁሉ አየን። ዕቃው ተገኘ፤ አለቃዬም አመሰገነኝ። በሳምንቱ የመስኮቷ መስታወት በድንጋይ ተሰበረ። ውሃ ስትቀዳ ሰደቧት። ሁለት ወር ሳይሞላ ቤቷን አከራይታ ከሰፈሩ ወጣች። ስትሄድ ልሸኛት ብሄድ ፊቷን አዞረችብኝ። እውነት ነበራት። አምናኝ ነገረችኝ፤ እኔ ግን አጋለጥኳት። ከዚያ ሰፈር ለብዙ ዓመት አንድ ቃል አልሰማሁም።

አያቶቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁ ነበር። አውጫጭ ወይም አፈርሳታ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ሌባው ሳይታወቅ ንብረት ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሰው ወደ ሥራው አይመለስም። ክፉ ጎን ነበረው፤ ንጹሑ ከጥፋተኛው እኩል ይንገላታል። ያንን አልናፍቅም። አንድ ነገራቸው ግን ሁሌም ይደንቀኛል። ያየው ሰው በአደባባይ ቆሞ «እገሌ ነው» እንዲል አያስገድዱትም። ለተመረጡ ሽማግሌዎች በምስጢር ይነግራል። ሽማግሌዎቹም ከማን እንደሰሙ አይናገሩም፤ «ወፍ ነገረን» ነው የሚሉት።

እናንተም ወፏን ጠብቁ። የነገራችሁን ሰው ስም ለጓደኛ፣ ለፍቅረኛ፣ ለቤተሰብ አትንገሩ። ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ጥቆማ አትለጥፉ። ነገሩ ከባድ ወንጀል ሆኖ ምስክር ካስፈለገ ደግሞ ሕግ አለ። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ይባላል። አቃቤ ሕግን ስለ እሱ ጠይቁ። ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። የእናንተ ሥራ ወንጀል ነው፤ የሰው ሐሳብ አይደለም። ማን ማንን ደገፈ፣ ማን ከማን ጋር ቡና ጠጣ፣ ማን ምን አነበበ የሚል ጥያቄ ከማንም ይምጣ፣ ደብተራችሁ ላይ አይግባ። አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ከሰጣችሁ ሮንዱ በዚያው ቀን አበቃ። በሩን የሚከፍትላችሁ አታገኙም። ልክ ናቸውም።

ሌባ ስለመያዝ ላንሳ፤ በጣም የምፈራላችሁ እዚህ ላይ ነው። «ሌባ! ሌባ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰው ድንጋይ ይዞ ይወጣል። ተደብድቦ የሞተ ልጅ አስከሬን አንስቻለሁ። ዕድሜው 16 ወይም 17 ቢሆን ነው። ኪሱ ውስጥ የተሰረቀ ነገር አልነበረም። የደበደቡት ሰዎች ደግሞ ሌባ ለመያዝ የወጡ ሰላማዊ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንም ሰው እጅ ከፍንጅ የተገኘን ጥፋተኛ ያለ ማዘዣ እንዲይዝ ይፈቅዳል። መያዝ ነው የሚፈቅደው። ይዛችሁ ሳትዘገዩ ለፖሊስ ታስረክባላችሁ፣ ያ ነው። የተያዘው ሰውም መብት አለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይናገራል። አንዳንዴ «ተለቀቀ እኮ!» ብላችሁ ትበሳጫላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ማስረጃ ስለሌለ ነው። ጥሩ ማስረጃ የሚገኘው ደግሞ ሰው ሳይፈራ ሲናገር ነው። ዱላችሁ ፍርድ ቤት ሄዶ አይመሰክርም።

ሽምግልናን አከብራለሁ። በጎንደር ዙሪያ ስንት የደም ቂም በሽማግሌ እርቅ ሲበርድ አይቻለሁ፤ እኛ በመሣሪያ የማንችለውን ነው የሚያደርጉት። ሚስት ስትደበደብ፣ ሴት ልጅ ስትደፈር፣ 18 ዓመት ያልሞላት ስትዳር ግን «በሽምግልና ይለቅ» ሲባል አትስማሙ። ሴት ፖሊስ ስለነበርኩ ይህን ብዙ ሰምቻለሁ። ሽማግሌው እርቁን ያወርዳል፣ በግ ይታረዳል፣ ልጅቷ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። ሰፈር ጠባቂ ነኝ የሚል ወጣት የጎረቤት ጩኸት ሰምቶ «የባልና የሚስት ጉዳይ ነው» ብሎ ካለፈ ምኑን ጠበቀ?

ባለፉት ዓመታት በእገታ ስንት ቤት እንዳለቀሰ እናንተው ታውቃላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ታጋች ፍለጋ በራሳችሁ አትውጡ። የታጋቹን ቤተሰብ ስልክና ስም አታሰራጩ። ያያችሁትን መኪና፣ ሰዓትና ቦታ ጽፋችሁ ለፖሊስ አድርሱ። የቀረውን ተዉት። ጀግንነታችሁን አልጠራጠርም፤ ልጆቼ ስለሆናችሁ ነው።

መብራት ነገር ቀላል ስለሆነ አላረዝመውም። ብዙ ቅሚያ የሚፈጸመው በጨለማው መንገድ ነው። ከጸሐይ መጥለቅ በኋላ ሰፈራችሁን አንድ ጊዜ ዙሩና አምፖል የሌለባቸውን ምሰሶዎች ቁጠሩ። ቁጥሩን ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱ። ካልሰሟችሁ እድሩ ገንዘብ ያዋጣ፣ በየበሩ አንድ አንድ አምፖል ይሰቀል። የኛ ሰፈር እንዲህ አድርጓል፤ ያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ዛሬ ማኅሌት ለሚሄዱ እናቶች አያስፈራም።

ሮንዱን መቼም ትጀምራላችሁ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ፣ ብቻችሁን አትውጡ። ጠጥታችሁ አትውጡ። ፊሽካና ባትሪ በቂ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ጣቢያ ሄዳችሁ ለሥራው ከተመደበው ፖሊስ ጋር ተዋወቁ፤ ማታ መንገድ ላይ ሲያያችሁ ማን እንደሆናችሁ ይወቅ። አንድ ደብተር ግዙ። ሰዓት፣ ቦታ፣ ያያችሁት ነገር፤ ሌላ አትጻፉ። የሰማችሁትን «ተባለ» ብላችሁ እንደ እውነት አታስገቡ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ግን በቀን ዙሩ። ዱላውን ቤት አስቀምጡት። በየበሩ ሰላም በሉ፣ ስማችሁን ንገሩ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ንገሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ስንት ሰው በስም እንዳወቃችሁ ትነግሩኛላችሁ። ቶሎ እንሄዳለን እንዳትሉኝ ብቻ፤ ቡናው እስከ በረካ ነው።