ያለ ፕላስተር ስለሚዘጋ ካርቶን የጠየቃችሁኝ

ኮምቦልቻ ውስጥ የማሸጊያ ካርቶን እነድፋለሁ፣ እቆርጣለሁ። ባለፈው ያለ ፕላስተር የሚዘጋና ተመልሶ የሚያገለግል ሳጥን ፎቶ ካሳየኋችሁ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ከደሴም ከዚህም የመጡትን ሰብስቤ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ (ጫማ ነጋዴ፣ ደሴ ፒያሳ)፦ ፕላስተር ምን ያህል ቢያወጣ ነው ይሄን ሁሉ የምትለፋው? እኔ ጠቅልዬ እልካለሁ፣ አለቀ።

መልስ፦ ለፕላስተሩ ዋጋ ብለህ ከሆነ ተወው፣ አትልፋ። እኔን የሚያሳዝነኝ ካርቶኑ ነው። እኔ ጋ ተበላሽቶ የሚመጣው ካርቶን አብዛኛው ጭነት የሰበረው አይደለም፤ ሲከፈት የተቀደደ ነው። ፕላስተሩ ሲላጥ የላይኛውን ወረቀት ይዞት ይነሳል። ያ ወረቀት ለካርቶኑ ጉልበት ከሚሰጡት አንዱ ነው። ደንበኛህ መላጡ ሲሰለቸው ደግሞ ቢላ ያነሳል፤ ጫማውንም አብሮ ይቆርጥልሃል። ስለዚህ ሳጥን ልነድፍ ስቀመጥ መጀመሪያ የማጣራው ማን እንደሚከፍተው ነው። ያለ ቢላ፣ ማንም ሳያሳየው መክፈት ከቻለ ሳጥኑ ለሁለተኛ ጉዞ ይተርፋል።

ጥያቄ (ልብስ የምትሸጥ፣ ደሴ ሙጋድ)፦ ኮላ የለው፣ ፕላስተር የለው፣ ታዲያ ምን ይይዘዋል? በእጄ ልሠራው እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ እታለም። የሚይዘው ራሱ ካርቶኑ ነው። ካርቶን ሲታጠፍ ወደነበረበት መመለስ ይፈልጋል፣ ይገፋል። እኛ የምንጠቀመው ያንን ግፊት ነው። ክዳኑ ላይ ምላስ ታወጪለታለሽ፣ የፊት ግድግዳው ላይ ደግሞ ቀዳዳ ትከፍቺለታለሽ። ክዳኑ ልነሳ ሲል ምላሱ የቀዳዳውን ጠርዝ ነክሶ ይይዛል። የጎን ግድግዳዎቹ ድርብ ናቸው፦ ወደ ውስጥ ይታጠፉና ጫፋቸው ወለሉ ላይ ባለ ቀዳዳ ይሰካል። ሁሉም የሚወጣው ከአንድ ጠፍጣፋ ካርቶን ነው። ሲፈታም ተመልሶ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ቦታ አይፈጅም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ልኬቱ ላይ ነው። ካርቶን ውፍረት አለው፤ የተለመደው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ነው። እጥፋት ደግሞ በውፍረቱ ምክንያት ከልኬቱ ይበላል። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካርቶን ይዘሽ የውስጡ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር እንዲሆንልሽ ከፈለግሽ፣ ከእጥፋት እስከ እጥፋት 20.4 አድርጊው። ድርብ ግድግዳ ባለበት በኩል የሚታጠፈውን ውፍረት ሁሉ ቁጠሪ። የቀዳዳው ስፋት የካርቶኑን ውፍረት ያህል ይሁን፤ ርዝመቱ ከምላሱ በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ይብለጥ። ከጠበበ ምላሱ ይጨማደዳል፣ ከሰፋ ይወልቃል። የምላሱንም ጥግ አክብቢው፤ ሹል ጥግ ቶሎ ይላጣል።

ከሁሉ በላይ ግን እጥፋቱን በካተር አትንኪው! ማስመሪያ አስደግፈሽ በማንኪያ እጀታ ወይም ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ተጫኚው። የተቆረጠ እጥፋት ጥቂት ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ይገነጠላል። የተጫነ ግን ይቆያል። (ማጠፍና መቁረጥ በአንድ ማሽን አብረው መሠራት የጀመሩት በአጋጣሚ ነው ይባላል። በ1879 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ የሮበርት ጌር ማተሚያ ቤት ከረጢት ሲያትም፣ መስመር መጫን የነበረበት ብረት ከፍ ብሎ ኖሮ ወረቀቱን ቆረጠው። ሰውየው ከመናደድ ይልቅ አሰበበት። ጥሩ ጭንቅላት ነው።)

የመጀመሪያውን በአሮጌ ካርቶን ሞክሪው። አዲሱን አታባክኚ።

ጥያቄ (ማር ነጋዴ አባት፣ ኮምቦልቻ)፦ ልጄ፣ እኔ ማር በጠርሙስ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ታቹ ተከፍቶ ቢዘረገፍ ማን ይክሰኛል?

መልስ፦ አባባ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። ከላይ ለልብስ ነጋዴዋ በነገርኳት አሠራር ግን ወለሉ አንድ ሙሉ ካርቶን ነው፣ መጋጠሚያ የለውም። እንደ ተለመደው ሳጥን ታቹ አራት ክንፍ ሆኖ አይከፈትም። የሚያሰጋው ክዳኑ ነው፤ የመኪናው ረዳት ክዳኑን ይዞ ካነሳው ምላሱ ይቀደዳል። ለማር እንግዲህ ሁለት ቁራጭ ያድርጉት፦ አንዱ ሳጥን፣ ሌላው እስከ ታች ድረስ የሚያለብሰው ክዳን። ከዚያ በሲባጎ በመስቀለኛ ይሰሩት። ሲባጎው ራሱ መያዣ ይሆናል። በውስጡ ጠርሙሶቹ እንዳይጋጩ ካርቶን እስከ ግማሹ እየሰነጠቁ እርስ በርሱ ያጠላልፉት፤ ለዚህም ኮላ አያስፈልግም።

ሁለት ነገር አደራ። በካርቶኑ ሁለት ወረቀቶች መሃል ያለው ሞገድ (የተጠማዘዘው ወረቀት) በግድግዳው ላይ ቆሞ ይታይ፤ ከተጋደመ ሸክም አይችልም። ደግሞም ሸክሙን በብዛት የሚችሉት አራቱ ማዕዘኖች ናቸው፤ የእጅ ቀዳዳ ከፈለጉ ከማዕዘን ያርቁት።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦ መኪና ላይ ፖርቶመጋላ ነው የሚጭኑብን። ክረምት ሲሆንስ?

መልስ፦ ካርቶን እርጥበት ጠላቱ ነው። ዝናብ ባይነካው እንኳ በጣም እርጥብ አየር ውስጥ ከቆየ የመሸከም ጉልበቱን ግማሽ ያህል ያጣል። ላስቲክ ያልብሱት፣ ከተቻለ ጣራው ላይ ሳይሆን መኪናው ውስጥ ያስጭኑት፣ ከሥር ሆኖ ሌላ ዕቃ እንዳይሸከም ለረዳቱ ይንገሩት። በኮምቦልቻና በደሴ መሃል ያለው የሐረጎ መታጠፊያ ዕቃን ወደ ጎን ይወረውራል፤ ባዶ ቦታ በጨርቅም በወረቀትም ይሙሉት። ባዶውን ሲመልሱልዎት ሳይደርቅ አጣጥፈው አያስቀምጡት፣ ይሻግታል።

ጥያቄ፦ ያለ ቢላ ከተከፈተ ሌባም ይከፍተዋል።

መልስ፦ ይከፍተዋል። ፕላስተርም ሌባ አያቆምም፤ ጥቅሙ መነካቱን ማሳየቱ ነው። ያንን ለማግኘት ምላሱና ግድግዳው ላይ ትይዩ ቀዳዳ ብሱና ኬብል ታይ (አንዴ ከጠበቀ ካልተቆረጠ የማይፈታ የፕላስቲክ ማሰሪያ) አስገቡበት። ተቆርጦ ከደረሰ ተነክቷል ማለት ነው። ውድ ዕቃ ከሆነ ግን እኔም በካርቶን አልልክም።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት)፦ እነዚህ ሳጥኖች መደበኛ ስያሜ አላቸው? ጥንካሬያቸው በስሌት ይታወቃል?

መልስ፦ አላቸው። ፌፍኮ የሚባለው የአውሮፓ የካርቶን አምራቾች ማኅበር በአራት አኃዝ ይሰይማቸዋል። 0201 በፕላስተር የሚዘጋው የተለመደው ሳጥን ነው፤ የኛው ባለ ምላስ 0427 ነው። ለስሌቱ በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣውን የማኪ ቀመር ፈልግ። ጥንካሬው ከካርቶኑ የጠርዝ ጉልበት (በጠርዙ ቆሞ ሲጫኑት ከሚችለው)፣ እንዲሁም ከውፍረቱና ከሳጥኑ ዙሪያ ብዜት ካሬ ሥር ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ዙሪያውን እጥፍ ብታደርገው ጥንካሬው እጥፍ አይሆንም፣ በ1.4 ገደማ ነው የሚያድገው። ግን ቀመሩ ለ0201 ዓይነት ነው። ቀዳዳና ድርብ ግድግዳ ላለው እንደ መነሻ ብቻ ያዘው፤ ከዚያ ሠርተህ ጫንበት።

ጥያቄ፦ ደንበኛ ሳጥን አይመልስም። ወስዶ ዕቃ ያስቀምጥበታል።

መልስ፦ እውነት ነው። ዲዛይኑ ቀላል ነው፣ ማስመለሱ ነው ከባዱ። ለማያውቁት ሰው ስትልኩ የሚመለስ ሳጥን አትሥሩ፤ ኪሳራ ነው። የሚያዋጣው ቋሚ መስመር ላይ ነው፦ ከኮምቦልቻ ደሴ ላለ አንድ ሱቅ በየሳምንቱ የምትልኩ ከሆነ፣ የሚያደርሰው ሰው ባዶውን ይዞ ይመለሳል። ማስያዣ መጠየቅም ነውር የለውም። የቢራ ጠርሙስ ሳንመልስ ማስያዣ እንከፍል የለ? ጉዞው በዛ ያለ ከሆነ ደግሞ ካርቶኑን ትታችሁ በዚያው ቅርጽ ሞገድ ካለው ፕላስቲክ አስቆርጡት። ውድ ነው፣ ግን ውሃ አይፈራም።

ጥያቄ፦ ለቅቤስ?

መልስ፦ ቅቤው ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ከሆነ አዎ። ቅባት የነካው ካርቶን ግን ለሁለተኛ ዙር አይሆንም።

ጥያቄ፦ ምላስ ከማውጣት ቬልክሮ ብለጥፍበትስ?

መልስ፦ አይሆንም። ቬልክሮውም የሚጣበቀው በማጣበቂያ ነው፤ ስትጎትቺው ወረቀቱን ይዞት ይነሳል።